የወሩ ቃል፦ «አምቢጉየስ» ሳይሆን «አምቢቫለንት»

እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ትምህርት እርማትም ጭምር ነው። የማርመው ደግሞ የሌላ ሰው ስህተት ሳይሆን የራሴን ነው።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አንድ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ «የቀኑ ቃል» የሚለውን ዝግጅት በድምፅ ማጉያ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። «አምቢጉየስ ማለት በአንድ ጊዜ ደስታም ኀዘንም የሚሰማው ሰው ማለት ነው» አልኩ። «ተከተሉኝ፣ አይ አም አምቢጉየስ!» አልኩ። ሁላችሁም ተከተላችሁኝ። ማንም አልሳቀ፣ ማንም አላረመኝ። የእንግሊዝኛ መምህራችን የዚያን ቀን ስብሰባ ሄደው ስለነበር አልሰሙኝም። ከዚያ በኋላ ቃሉ እንደ ጉንፋን ተዛመተ። በእረፍት ሰዓት ኳስ የተሸነፉ ልጆች «ዛሬ አምቢጉየስ ነን» ሲሉ ሰማሁ። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሂሳብ ከ10 5 አግኝቶ «አምቢጉየስ ሆንኩ» አለ። ስምንተኛ ክፍሎች ሳይቀሩ ይሉት ነበር። እኔም ቃሌ ታዋቂ ሆነ ብዬ ኮራሁ እኮ! ግን ቃሉ ስህተት ነበር። ስለዚህ ያዛመትኩትን እኔው ልሰብስበው።

እንግሊዝኛውን ሁሉ በራሳችን ፊደል የጻፍኩት ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ያሉ ታናናሾቻችንም ይህን መጽሔት ስለሚያነቡ ነው። ጽሑፌን በጥሩ የእጅ ጽሕፈቱ የሚገለብጠው የክበባችን ልጅም «ሁለት ዓይነት ፊደል እጄን ያደክመዋል» ብሏል።

መጀመሪያ ቃሉን ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትና ነበር። እኔ እታለም ነው የምላት። ውጤቱ በስልክ የታየ ቀን ቤታችን ሰው ሞላ። እማዬ እልል አለች፣ ጎረቤቶቻችን ተቀበሏት፣ ቡና ተፈላ። ከዚያ ምደባው ሲመጣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አባዬ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤ ከማክሰኝት ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ። ሲደመር ከ1000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እማዬ እንደገና እልል አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ውኃ ልቀዳ ስገባ ግድግዳውን ተደግፋ ስታለቅስ አገኘኋት። «ጭሱ ነው» አለችኝ። ምድጃው ላይ ግን እሳት አልነበረም።

እኔስ? ደስ ብሎኛል። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እታለም የመጀመሪያዋ ናት። ግን አንድ ነገር ልናገር፣ እባካችሁ እንዳትስቁብኝ። ምደባው የመጣ ሌሊት አጠገቧ ተኝቼ «ምነው ባላለፈች» ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሰብኩት። ወዲያው ደነገጥኩ። የምወዳትን እህቴን እንዴት እንዲህ አስባለሁ? እሷ ስትሄድ ውኃ መቅዳቱና እንጀራ መጋገሩ ወደ እኔ እንደሚዞር አውቅ ነበር፤ ግን ነገሩ እሱ ብቻ አልነበረም። ማታ ማታ እንግሊዝኛ የምታስጠናኝም፣ ጅብ ሲጮህ የማቅፋትም እሷው ናት። ጠዋት ስነሣ ደስታውም አለ፣ ያኛውም አለ። አንዱ ሌላውን አላባረረውም። ይህ ነገር ስም ይኖረው ይሆን እያልኩ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ስም ከሌለው ክፉዋ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው ብዬ ፈራሁ።

እታለም ስትሄድ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላቷን ለእኔ ተወችልኝ። መጽሐፉ ሽፋን የለውም፣ አንዳንድ ገጹም ከታች ተቀዷል። ስሜቴን የሚገልጽ ቃል ልፈልግ ከ«ኤ» ጀመርኩ። ጥቂት ገጾች እንደሄድኩ አንድ ቃል ፊት «ሁለት ትርጉም ያለው፣ አሻሚ» የሚል አየሁ። «ሁለት» የሚለውን እንዳየሁ በቃ አገኘሁት አልኩ። ቃሉ አምቢጉየስ ነበር። ዝቅ ብዬ እንዳላነብ ገጹ ከዚያ በታች የለም። የምፈልገው ቃል ከዚያው ገጽ በታች፣ በተቀደደው በኩል እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ሁለቱ ቃላት የመጀመሪያ አራት ፊደላቸው አንድ ነው፤ ኤ፣ ኤም፣ ቢ፣ አይ። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው።

ስህተቴን ያገኘችው እታለም ናት። በእማዬ ስልክ መልእክት እጽፍላታለሁ፤ «በእንግሊዝኛ ካልጻፍሽ አልመልስልሽም» ስላለችኝ እየታገልኩ በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው። አንድ ማታ «አይ አም አምቢጉየስ አባውት ዩ» ብዬ ላክሁ። መልሱ ግን በአማርኛ መጣ። «ሰምና ወርቅ ሆንሽ እንዴ? አምቢጉየስ የሚሆነው ንግግር ነው። አንቺ የፈለግሽው አምቢቫለንት ነው። ደግሞ እኔም ነኝ።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልቆጠርኩም። እሷም! ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ደስ ብሏት፣ ሻንጣዋን እየጎተተች የሄደችው እታለምም!

በማግስቱ ወደ መምህራችን ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ቤተ መጻሕፍት ወስደው ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወጡና አብረን አነበብን። ከዚህ በታች ያለው እሳቸው ያስረዱኝና እኔ ያሰብኩበት ነው።

ከአምቢጉየስ እንጀምር፤ ስሙን ያጠፋሁት እሱን ነውና። አምቢጉየስ ማለት ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ሊተረጎም የሚችል፣ በአማርኛ አሻሚ የምንለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ንግግር፣ ስለ ጽሑፍ፣ ስለ ጥያቄ ወይም ስለ ሥዕል ነው። እታለም ሰምና ወርቅ ያለችው ለዚህ ነው። እኛ በጎንደር አካባቢ የምንኖር ልጆች ይህን ለመረዳት እንግሊዝም መሄድ አያስፈልገንም። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርፁን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ቅኔም እንዲሁ ነው፤ ላይ ላዩን የሚሰማው ሰሙ ነው፣ ውስጡ ያለው ወርቁ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም።

ቅኔ ለማይችል ሰው ቀላል ምሳሌ ልስጥ። ደብተራችሁ ላይ «ገና ነው» ብላችሁ ጻፉ። የልደት በዓል ነው ማለት ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው? ስንናገር አንዱን እናጠብቃለን፣ ሌላውን እናላላለን፤ ስንጽፍ ግን አንድ ነው። «አባቴ አለ» የሚለውስ? አባቴ ተናገረ ወይስ አባቴ ቤት ውስጥ ይገኛል? ይኼ ነው አምቢጉየስ። እንግዲህ እኔ ሰልፍ ላይ «አይ አም አምቢጉየስ» ስል «እኔ ሁለት ትርጉም አለኝ፣ አሻሚ ነኝ» እያልኩ ነበር። እናንተም አራት መቶ ሆናችሁ «አሻሚ ነን» አላችሁ። አራት መቶ ያልኩት በግምት ነው፤ ሰልፉን አልቆጠርኩም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። አምቢቫለንት፣ ሲጻፍ ኤ፣ ኤም፣ ቢ፣ አይ፣ ቪ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ፤ አሥር ፊደል ነው። ሲነበብ ጉልበቱ «ቢ» ላይ ነው፤ «አምቢ-» ብላችሁ እዚያ ጠንከር አድርጉና የቀረውን ቀለል አድርጋችሁ ጨርሱት። ቅጽል ነው። ስሙ ደግሞ አምቢቫለንስ ይባላል። ትርጉሙ፦ ስለ አንድ ነገር ወይም ስለ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ስሜት ያለው።

ቃሉ የእንግሊዞች ጥንታዊ ቃል ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ያወጣው ኦይገን ብሎይለር የሚባል የስዊዘርላንድ የአእምሮ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 በጀርመንኛ ተጠቀመበት፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። የሠራው ከላቲን ነው፤ «አምቢ» ሁለቱም፣ በሁለት ወገን ማለት ሲሆን «ቫለንት» የሚለው ደግሞ ከጥንካሬ ወይም ከኃይል የመጣ ነው። ኬሚስትሪ የሚማሩ ታላላቆቻችን «ቫለንስ» የሚለውን ቃል ያውቁታል፣ ሥሩ አንድ ነው። በሁለቱም እጁ እኩል መሥራት የሚችል ሰው በእንግሊዝኛ «አምቢዴክስትረስ» ይባላል፤ እሱም የ«አምቢ» ዘመድ ነው። ሐኪሙ ቃሉን ያወጣው ስለ ሕሙማኑ ሲያጠና ነው፤ በኋላ ግን ቃሉ ከሆስፒታል ወጥቶ የማንኛውም ሰው ሆነ። ስለዚህ አምቢቫለንት ነኝ ያለ ልጅ አሞታል ማለት አይደለም። ይህን የምለው ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ ሰምቶ «አንቺ አእምሮሽን ታመሻል» ስላለኝ ነው።

«ኃይል» የሚለውን ልብ በሉልኝ፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ብዙ ሰው አምቢቫለንትን ግድ ከሌለው ሰው ጋር ያምታታል። በእንግሊዝኛ ግድ የሌለው «ኢንዲፈረንት» ነው። ልዩነቱን ያገኘሁት በገበያ ቀን መንገድ ዳር ቆሜ ነው። ሁለት አህዮች መጡ። አንዷ ጭነት የላትም፣ ጀርባዋ ባዶ ነው። ሌላዋ በግራም በቀኝም እኩል እህል ተጭናለች። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን አላጋደሉም፣ ሁለቱም ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ከሩቅ ስታዩአቸው አረማመዳቸው አንድ ነው። ባዶዋ ኢንዲፈረንት ናት። የተጫነችው አምቢቫለንት ናት። ማመዛዘኗ ሸክም ስለሌላት ሳይሆን በሁለቱም ወገን ስለከበዳት ነው። መምህራችን ይህን ስነግራቸው ሳቁና «ለስምንተኛ ክፍልም ይህንኑ እነግራለሁ» አሉኝ። አህያዋ የማን እንደሆነች አላውቅም፤ ባለቤቷን ግን አመሰግናለሁ።

ሌላው የሚምታታው ከማመንታት ጋር ነው። «ማመንታት» ራሱ ውስጡ «መንታ» የሚል ይሰማበታል፤ መንታ መንገድ ላይ እንደቆመ ሰው ነው። ያመነታ ሰው ገና አልወሰነም፣ ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ ነው። አምቢቫለንት የሆነ ሰው ግን ወስኖም፣ ሄዶም፣ እዚያ ደርሶም አምቢቫለንት ሊሆን ይችላል። እታለም አላመነታችም። አውቶቡስ ላይ የወጣችው በራሷ እግር ነው። ጅማ ሆናም ግን «እኔም ነኝ» አለች።

ለአባዬ ይህን ሳስረዳው ወዲያው ገባው። «የጥቅምት ዝናብ ማለትሽ ነው» አለኝ። የገበሬ ልጆች ታውቁታላችሁ። በጥቅምት ጤፉ እየደረሰ ነው፤ ዝናብና ንፋስ ከመጣ ይተኛል፣ ፍሬው ይበላሻል። ሽምብራው ግን ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ላይ የተዘራ ስለሆነ ጥቂት ዝናብ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። የእኛ ጤፍና ሽምብራ ደግሞ አጎራባች ማሳ ላይ ናቸው። ደመና ሲመጣ አባዬ ደጃፍ ቆሞ ወደ ሰማይ ያያል። «ይዝነብ» አይልም፣ «አይዝነብ» አይልም። ድሮ ዝም ያለው ግድ ስለሌለው ይመስለኝ ነበር።

ሌላ ምሳሌ ከታሪካችን ልውሰድ። ይህኛው ለእኔ ከባድ ነው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ጎንደር ፒያሳ ሐውልታቸው ቆሟል፣ አጎቴ ዘንድ ስሄድ ሁልጊዜ ቆም ብዬ አየዋለሁ። የቋራው ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ነገሡ። መሳፍንቱ ተከፋፍለው የያዙትን አገር አንድ ለማድረግ ደከሙ። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ለእንግሊዝ ጦር እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ይህን ሳነብ ደረቴ ይነፋል።

ነገር ግን በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን ከተማ ያስዘረፉትና ያቃጠሉትም እሳቸው ናቸው። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ያ ሕዝብ የእኔ አያት ቅድመ አያቶች ናቸው። እኔ አንዱን ስሰማ ኩራት፣ ሌላውን ስሰማ ኀዘን ይሰማኝና ከሁለት አንዱን መምረጥ አለብኝ ብዬ እጨነቅ ነበር። ክፍል ውስጥ ክርክር ተደርጎ አንዱ ቡድን «ጀግና ናቸው»፣ ሌላው ቡድን «አይደሉም» ሲል እኔ የትኛው ወገን ልቀመጥ እንደምችል አላወቅኩም። መሐል ስቀመጥ «ፈሪ» ተባልኩ። አሁን ግን የምለው አለኝ፤ «አይ አም አምቢቫለንት አባውት ቴዎድሮስ»። ፈርቼም ግድ አጥቼም አይደለም። እንደዚያች አህያ ሁለቱንም ተሸክሜ ነው።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። «ቴዎድሮስ ኢዝ አምቢቫለንት» ካላችሁ ሁለት ስሜት ያላቸው ራሳቸው ቴዎድሮስ ሆኑ ማለት ነው። አምቢቫለንት የሚሆነው የሚሰማው ሰው እንጂ ስሜቱን ያመጣው ነገር አይደለም። ከኋላው የሚከተለው «አባውት» ወይም «ቱዋርድስ» ነው። «አይ አም አምቢቫለንት ፎር» አይባልም። ይህን የምለው እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ መምህራችን ስላረሙኝ ነው።

ቃሉ ረዝሞ ምላሳችሁን ካሰራችሁ ቀለል ያለ ሌላ አለ፤ «ሚክስድ ፊሊንግስ»፣ የተደበላለቀ ስሜት። ግን እሱም ወጥመድ አለው። በአማርኛ «የተደበላለቀ ስሜት አለኝ» ስንል ስሜት አንድ ነው፣ ነጠላ ነው። በእንግሊዝኛ ግን መጨረሻዋ ላይ «ኤስ» አለች፣ ብዙ ቁጥር ነው። ሁለት ስሜቶች ናቸው እንጂ ተፈጭተው አንድ ዱቄት አልሆኑም። «አይ ሃቭ ሚክስድ ፊሊንግስ አባውት ኢት» ይባላል። «አይ አም ሚክስድ ፊሊንግ» አይባልም፤ እሱ «እኔ የተደበላለቀ ስሜት ነኝ» እንደማለት ነው። «አይ አም ሚክስድ አፕ» ካላችሁ ደግሞ ግራ ገባኝ ማለት ሆነ፤ ሌላ ነገር ነው።

ለገጠመን ነገር ወይም ለትዝታ ሲሆን ደግሞ «ቢተርስዊት» የሚል አለ፤ «ቢተር» መራራ፣ «ስዊት» ጣፋጭ። በእኛ አገር ይህን ለመረዳት ጠጅን ማሰብ ይበቃል። ማር አለበት፣ ጌሾ አለበት። ማሩ ብቻ ቢሆን ብርዝ ነው፣ ጌሾው ብቻ ቢሆን ማን ይጠጣዋል? እኔ ጠጅ አልጠጣም፣ ጌሾ ግን እማዬ ስትወቅጥ ቀምሼ አውቃለሁ፤ እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

አባዬ ቢተርስዊት ለሚለው ቃል የራሱን ምሳሌ ሰጠኝ። በነሐሴ 1996 ዓ.ም. የአቴንስ ኦሊምፒክ የ10000 ሜትር ውድድር ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ በተከታታይ ወርቅ አምጥቶ ነበር፤ አቴንስ ላይ ግን እግሩን ታሞ ነበር የሮጠው። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን እየመሩ ወደ ኋላ እየዞሩ ያዩት ነበር፣ እንዲደርስባቸው ቀስ አሉ። አልደረሰም። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ ወጡ፣ ኃይሌ አምስተኛ። አባዬ ያኔ ወጣት ነበር፣ ብዙ ሆነው በአንድ ቴሌቪዥን ነው ያዩት። «ወርቅና ብር አግኝተን ቤቱ ዝም አለ፣ ከዚያ ጮኸ፣ ከዚያ እንደገና ዝም አለ» ይላል። «ኢት ወዝ ቢተርስዊት» ማለት ይሄ ነው። «አይ አም ቢተርስዊት» ግን አትበሉ። መራራና ጣፋጭ የሚሆነው ቀኑ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም።

አማርኛችን ለዚህ ስሜት አንድ ቃል የለውም ብዬ ነበር፤ አያቴ ተቆጣችኝ። «ለእንግሊዝ ብቻ ነው ወይ ሆድ የተሰጠው?» አለች። በአማርኛ ስሜት የሚኖረው ሆድ ውስጥ ነው እኮ፤ ሆዴ ባባ፣ ሆዴ ቆረጠ፣ ሆድ ባሰኝ እንላለን። «ልቤ ለሁለት ተከፈለ» ማለትም እንችላለን። አያቴ ግን «በአንድ ሆድ ሁለት ነገር» ትላለች። ልጆቿን ስትድር እንደዚያ ሆና እንደነበር ነገረችኝ። ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ስትወጣ እየዘፈኑ የሚያለቅሱት እናቶች ማንም ሳያስተምራቸው አምቢቫለንት ነበሩ ማለት ነው። አንድ ቃል አልነበራቸውም፣ ግን አላፈሩበትም። በዚህ እቀናባቸዋለሁ።

እማዬንም አንድ ቀን እንጀራ ስንጋግር ጠየቅኳት። «ያን ቀን ጭሱ ነበር ወይ?» አልኳት። ምጣዱን አሰሰች፣ ሊጡን አፈሰሰች፣ አክንባሎውን ደፋች። ከዚያ «አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታያለሽ» አለችኝ። አክንባሎውን ስታነሣ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ያን ሌሊት እኔ ያሰብኩትን ነገር ነገርኳት፤ «ምነው ባላለፈች» ማለቴን። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እማዬ እንጀራውን አወጣችና «እኔም አስቤዋለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አሥራ ሁለት እንጀራ እስኪያልቅ ምንም አልተናገርንም።

እታለም ክረምት ስትመጣ ይህን መጽሔት አሳያታለሁ። አንዳንድ ቦታ ታርመኝ ይሆናል።

መልመጃ። መልሳችሁን ጽፋችሁ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ባለው የክበባችን ሣጥን ውስጥ አስገቡ፤ በትክክል የመለሱ ሦስት ተማሪዎች ሰልፍ ላይ ስማቸው ይነበባል።

አንደኛ፣ አንድ ሰው ደብተሩ ላይ «ገና ነው» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ አምቢጉየስ ነው ወይስ አምቢቫለንት?

ሁለተኛ፣ የቅርብ ጓደኛችሁ አንደኛ ወጣ፣ እናንተ ሁለተኛ ወጣችሁ። ደስ አላችሁ፣ ደግሞም ከፋችሁ። በ«አይ ሃቭ» የሚጀምር አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። «ኤስ»ዋን እንዳትረሷት።

ሦስተኛ፣ «ማይ ፋዘር ኢዝ ኢንዲፈረንት አባውት ዘ ሬን» ብዬ ብጽፍ ስለ አባዬ እውነቱን ተናግሬያለሁ? ለምን?

አራተኛ፣ ለዚህኛው ነጥብ የለውም፣ ስማችሁም አይነበብም፤ ስም ሳትጽፉ ማስገባት ትችላላችሁ። «አይ አም አምቢቫለንት አባውት» ብላችሁ ጀምሩና የራሳችሁን ጨርሱ። የእኔ ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ገብቷል፣ የመጀመሪያው እሱ ነው።